ወንድነት፣ ደምና እድር

የአባላትን ስም ወደ አዲስ መዝገብ ስገለብጥ ደመላሽ፣ ካሣ፣ ምትኩ የሚሉት ስሞች በዝተው አገኘሁ። አባቶቻችን ወንድ ልጅ ሲወለድ ገና በአራስ ቤት ሳለ ሥራ ይሰጡት ነበር ማለት ነው። ደመላሽ የተባለው የወገኑን ደም እንዲመልስ ይጠበቃል። ካልመለሰ እናትና እህት ሳይቀሩ በነገር ይወጉታል፤ ፉከራ በተነሳ ቁጥር አንገቱን ይደፋል።

ይህ ነገር ገጠር የቀረ መስሎን ነበር። ነገር ግን በ1969 ዓ.ም. እዚሁ ከተማችን ውስጥ አየነው። ያን ጊዜ እኔ ስድስተኛ ክፍል ጨርሼ በተላላኪነት የተቀጠርሁ የ18 ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። ከሲግናል ልጆች አንዳንዱ ኢሕአፓ ሆነ፣ አንዳንዱ የቀበሌ አብዮት ጥበቃ። የተማሩት ስለ ማርክስ ይከራከራሉ። እኛን ብዙም ያልተማርነውን ግን ያነሳሳን «ወንድ አይደለህም እንዴ?» የሚለው ቃል ነው። በሁለቱም ወገን ያችው ቃል ነበረች።

መስከረም 13 ቀን በመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ላይ የግድያ ሙከራ ተደረገ። ብዙም ሳይቆይ ዶክተር ፍቅሬ መርዕድ ተገደሉ። ሚያዝያ 9 ቀን ደግሞ መንግሥቱ በአብዮት አደባባይ ቀይ ፈሳሽ የሞላበት ጠርሙስ ወርውረው ሰበሩ። ፖለቲካ የተባለው ነገር ያው የጥንቱ ደም መላሽነት ሆነ።

አብሮ አደጌን ጠመንጃ ሲሰጡት እጁ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ጓደኞቹ ሳቁበት፤ አፍሮ ተቀበለ። ሌላውን ጓደኛዬን ወረቀት በትን አሉት። ፈሪ እንዳይባል ሄደ፤ አልተመለሰም። እኔንም ጠይቀውኝ ነበር። እናቴ ታማለች ብዬ ቀረሁ። ዋሽቼ ነው። ፈሪ ተባልሁ፤ ለብዙ ዓመት ሳፍርበት ኖርኩ።

የዚያን ልጅ እናት ማልቀስ እንኳ አልተፈቀደላቸውም። በዚያ ዘመን ሬሳ ወረቀት ተለጥፎበት መንገድ ላይ ይጣል ነበር። የጥይት ዋጋ ክፈሉ የተባሉ ወላጆችም ነበሩ። ጥሩንባ አልተነፋም፣ ድንኳን አልተተከለም። ጎረቤቱ ሁሉ እያወቀ በራቸውን ሳያንኳኳ አለፈ። እኔም አለፍኩ። ከፈሪነቴ ሁሉ ዛሬም የሚቆጨኝ ይኸኛው ነው።

ጀግንነት ይናቅ ማለቴ አይደለም። ወይዘሮ ከበደች ሥዩም ባለቤታቸው ደጃዝማች አበራ ካሣ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ፍቼ ላይ በጣልያን ከተገደሉ በኋላ አርበኞችን እየመሩ ተዋግተዋል። እንግዲህ ድፍረት የወንድ ብቻ አይደለም። ድፍረቱም በወራሪ ላይ ነበር እንጂ አብሮ ባደገ ልጅ ላይ አልነበረም።

በ2002 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የብዙ ሟቾችን ፎቶግራፍ ይዟል። ልጆቻችሁንና የልጅ ልጆቻችሁን ይዛችሁ እዩት። አደራ የምላችሁ፣ ልጅ ተጣልቶ ሲገባ «ወንድ አይደለህም?» ብላችሁ መልሳችሁ አትስደዱት። ከመሞት መሰንበት ይባል የለ፤ እኔ ያን ቀን ቀርቼ ይኸው ስንቱን አባል ከእናንተ ጋር ተሸክሜ ቀብሬአለሁ።

ፈጣሪ ሰላሙን ያብዛልን።