ከገና ማግስት

ታኅሣሥ 29 እየቀረበ ነው። ጎንደር ውስጥ ገበያው ይሞቃል፣ ዶሮና በግ ይወደዳል፣ ፒያሳ ያሉ ሱቆች የፕላስቲክ ጥድና ቀይ ቆብ ይሰቅላሉ። ከሚገዛው ሰው መካከል የጸሎት ቤት ደጃፍ ረግጦ የማያውቅም አለ። ብትጠይቁት፣ «እኔ እንኳ ሃይማኖተኛ አይደለሁም፤ ገና ግን ባህላችን ነው» ይላችኋል። ይህን ስንሰማ ብዙዎቻችን ለመፍረድ እንቸኩላለን። ዛሬ ግን ከመፍረዳችን በፊት እስቲ ወደ ኋላ ሄደን የአገራችንን ታሪክ እንመልከት።

ገናን ያለ ጸሎት ማክበር ትናንት የመጣ ነገር አይደለም። በአባቶቻችን ዘንድ በዓሉ ሁለት መልክ ነበረው። ሌሊቱ የቤተ ክርስቲያን ነው፤ ከኅዳር 15 ጀምሮ ሲጾም የቆየው ሕዝብ በማሕሌትና በቅዳሴ ያነጋል። ከቀትር በኋላ ያለው ጊዜ ደግሞ የሜዳው ነው። ወንዶቹ በሁለት ቡድን ይከፈሉና ቆልማማ ዱላቸውን ይዘው ሩሯን ያሳድዳሉ። እረኞች የጌታን መወለድ ሲሰሙ ተደስተው በበትራቸው ስለተጫወቱ ነው ተብሎ ይተረካል። ሜዳው ላይ ግን ስብከት የለም፤ ያለው ሩጫ፣ ሳቅና ግጥም ነው።

በዚያ ሜዳ አንድ የሚያስገርም ደንብ ነበር። ጌታና ሎሌ አብረው ይጫወታሉ። ሎሌው የጌታውን ቅልጥም ቢመታ፣ በግጥም ቢሰድበው እንኳ ጌታ መቆጣት አይችልም፤ ልማዱ ይከለክለዋል። አስቡት እንግዲህ! ዓመቱን ሙሉ ቀና ብሎ ያላየውን ሰው በዚያ ቀን እኩያው ያደርገዋል።

ታዲያ በማግስቱስ? በማግስቱ ጌታው ወደ ወንበሩ፣ ሎሌው ወደ ደጁ ይመለሳል። ዐፄ ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሩት በ1628 ዓ.ም. ነው። ባርነትን በሕግ የከለከለው የዐፄ ኃይለ ሥላሴ አዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ከሦስት መቶ በላይ ገና ተከብሯል። ዐፄ ቴዎድሮስ የባሪያ ንግድን ለማስቆም ሞክረው ነበር፤ ሆኖም ከእርሳቸውም በኋላ ወደ መተማ ገበያ ሰው እንደ ከብት ይነዳ ነበር። ከሦስት መቶ ጊዜ በላይ ጌታ አልተቆጣም፤ በማግስቱ ግን ያው ጌታ፣ ያው ባሪያ ነው።

«ያማ ሃይማኖት የሌለበት ጨዋታ ስለሆነ ነው» ትሉ ይሆናል። ቆይ፣ ሃይማኖተኛውንም እንየው። በዚሁ በጎንደር ዘመን ሊቃውንቱ የክርስቶስ ልደት ሁለት ነው ወይስ ሦስት እያሉ በብርቱ ተከራከሩ። ክርክሩ ሰው እስከ መገዳደል ደረሰ። ዐፄ ዮሐንስ በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ጠርተው እስኪወስኑ ድረስ አልበረደም። የተወለደው ማን እንደሆነ ማወቅ ቀላል ነገር ነው ማለቴ አይደለም፤ በፍጹም! ግን ልደቱን ሲቆጥር የዋለው ሰው ማታ ቤቱ ሲገባ እግሩን የሚያጥበው ባሪያ ነበረው።

እኛስ? «ክርስትና ሕይወት እንጂ ሃይማኖት አይደለም» እንላለን። መልካም፤ እንግዲያው ሕይወቱ ይታይ! እኔ ራሴ ያደግሁት በደጋው አገር ነው። ቤታችን በዕድሜ እኩያዬ የሆነ ቅጥር እረኛ ነበር። ገና ሲደርስ አብረን እንጫወታለን፤ ይመታኛል፣ አልቆጣም። ማታ ግን እኛ ከበላን በኋላ የተረፈውን በር ሥር ተቀምጦ ይበላና በዚያ ውርጭ ከበጎቹ ጋር ያድራል። እኛ ጸልየን እንተኛለን። ስሙን ዛሬም አልረሳሁትም። «ለምን?» ብዬ ግን አንድ ቀን አልጠየቅሁም።

ወገኖቼ፣ የገና የምሥራች መጀመሪያ የተነገረው እኮ ለእንደዚህ ዓይነቱ ልጅ ነው። ሉቃስ ምዕራፍ 2ን ክፈቱ፤ መልአኩ የመጣው በሌሊት ውጭ መንጋ ሲጠብቁ ወደ ነበሩ እረኞች ነው። ፊልጵስዩስ 2ን ደግሞ አንብቡ፤ እዚያ እውነተኛውን ጌታ ታገኙታላችሁ። እርሱ ለአንድ ከሰዓት ጨዋታ አልወረደም። የባሪያን መልክ ያዘ፤ ተመታ፣ ተሰደበ፣ አልተቆጣም፤ እስከ መስቀል ሞት ድረስ ታዘዘ። በማግስቱም ሎሌዎቹን ወደ ደጅ አልመለሰም፤ ወንድሞቼ ብሎ ጠራቸው እንጂ።

ስለዚህ ሃይማኖተኛ አይደለሁም የሚለውን ጎረቤታችሁን አትናቁት። «እንኳን አደረሰህ» በሉት፤ ቤታችሁ ጥሩት። ሲመጣ ግን ምን ያያል? ዶሮውን ስትሠራ ያነጋችው የቤት ሠራተኛ ከማዕዱ ተቀምጣለች ወይስ ጓዳ ናት? እናንተ አዲስ ልብስ ለብሳችሁ መዝሙር ስትዘምሩ እርሷ ወጥ ትጠብቃለች? የወር ደመወዟስ ተከፍሏል? ደባርቅና ዳባት፣ ወገራም ያላችሁ፣ እረኛችሁ የት ነው የሚያድረው? ትምህርት ቤትስ ገብቷል? ቆላስይስ 4 ቁጥር 1 ሠራተኛ ላለው ሁሉ ይናገራል፤ ለሠራተኞቻችሁ ቅንና ትክክል የሆነውን አድርጉ፣ እናንተም በሰማይ ጌታ አላችሁ ይላል።

ገናን በታኅሣሥ 29 ማክበር ለማንም አያቅትም፤ አማኝም ያከብራል፣ የማያምንም ያከብራል። የሚለየን ታኅሣሥ 30 ነው። በዚያ ጠዋት በቤታችሁ ያለው ታናሽ ሰው፣ «በዚህ ቤት ጌታ ተወልዷል» ማለት ይችላል?

አሁኑኑ ተንበርከኩና ይህን ጥያቄ ለጌታ አቅርቡ። ከዚያም ተነሡና ያንን ሰው በስሙ ጥሩት። ጌታ ይባርካችሁ።