ቪዲዮ ማየት ይበቃል? ሕይወት አድን ክህሎት እንዴት እንደሚለመድ ታሪክ ምን ይላል?

«ሲፒአር እንዴት እንደሚሠራ ቪዲዮ አይቻለሁ፤ ይበቃኛል?» ብለው የሚጠይቁኝ ብዙ ወላጆች አሉ። ዛሬ መልሱን በታሪክ በኩል እንየው። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እስከ 1950ዎቹ ድረስ ትንፋሹ ለቆመ ሰው የሚሰጠው እርዳታ በአብዛኛው ጀርባውን ወይም ደረቱን እየተጫኑ ክንዱን ማንሳትና መመለስ ነበር። ዶ/ር ጄምስ ኢላም እና ዶ/ር ፒተር ሳፋር አፍ ለአፍ የሚሰጥ ትንፋሽ ከዚህ እንደሚሻል አሳዩ። በ1960 ደግሞ የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች ደረት ሳይከፈት ከላይ በመጫን ብቻ ደም ማዘዋወር እንደሚቻል አሳተሙ። ዛሬ ሲፒአር የምንለው የሁለቱ ጥምረት ነው።

ችግሩ ሕዝቡ በምን ላይ ይለማመድ የሚለው ነበር። የጤነኛ ሰው ደረት ላይ ለልምምድ አይጫኑም፤ ጉዳት ያስከትላል። መፍትሔው ከአንድ አሻንጉሊት ሠሪ መጣ። ኖርዌያዊው ኦስሙንድ ላርዳል ትንሽ ልጁ ውኃ ውስጥ ሊሰጥም ሲል ደርሶ ያተረፈ አባት ነበር። ከሐኪሞች ጋር ተባብሮ በ1960 «አን» የተባለችውን የሰው ቁመት ያላት አሻንጉሊት ሠራ። ፊቷ የተቀረጸው በፓሪስ ሴን ወንዝ ሰጥማ ሞተች ከሚባል፣ ስሟ ካልታወቀ ወጣት ሴት የፊት ቅርጽ ነው። ደረት መጫን ሲታከልበት ደግሞ ደረቷ ውስጥ ስፕሪንግ ተገጠመ።

ነገር ግን አሻንጉሊቱ መኖሩ ብቻውን አልበቃም። በ1991 የታተመ የአሜሪካ ጥናት የሲፒአር ኮርሶችን ሲመረምር አሠልጣኞች ብዙ እንደሚያወሩ፣ ለልምምድ የሚተርፈው ጊዜ ትንሽ እንደሆነ፣ የሠልጣኞች ስሕተትም ሳይታረም እንደሚያልፍ አየ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሌላ ዘዴ ተሞከረ፤ ሠልጣኙ ግማሽ ሰዓት ያህል ቪዲዮ እያየ አሻንጉሊት ላይ አብሮ ይሠራል። በዚህ መንገድ የተማሩት ለሰዓታት ኮርስ ከተቀመጡት አላነሱም፤ እንዲያውም በአንዳንድ መለኪያ በለጡ። ልዩነቱን ያመጣው ቪዲዮው ብቻ ሳይሆን እጃቸው ሥራ አለመፍታቱ ነው።

ለእኔ ትልቁ ትምህርት ያለው ግን እዚሁ ጎረቤታችን ምሥራቅ አፍሪካ ነው። በታንዛኒያ ሃይደም ሆስፒታል በ2010 አዋላጆች ሲወለድ የማይተነፍስ ሕፃንን ስለመርዳት የአንድ ቀን ሥልጠና ወሰዱ። አሻንጉሊት ላይ ሲፈተኑ ጎበዞች ሆኑ፤ ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ግን አሠራራቸው አልተለወጠም። በቀጣዩ ዓመት አሻንጉሊቱ ማዋለጃ ክፍሉ ውስጥ ተቀመጠ፤ አዋላጆቹም በየጊዜው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ይለማመዱ ጀመር። በመጀመሪያው 24 ሰዓት የሚሞቱ ሕፃናት ከ1,000 ወሊድ ከ11 ገደማ ወደ 7 ገደማ ወረዱ። ለውጡ ሁሉ የልምምዱ ውጤት ነው ለማለት ባይቻልም፣ አሻንጉሊቱም ትምህርቱም ያው ነበር፤ የተለወጠው ድግግሞሹ ነው።

ታዲያ እኛ ምን እናድርግ?

✅ ቪዲዮ ማየት ጥሩ ጅምር ነው፤ እጅ ግን የሚለምደው በመሥራት ነው።

✅ ኮርስ ከመመዝገብዎ በፊት «እያንዳንዱ ሰው ስንት ደቂቃ አሻንጉሊት ላይ ይሠራል? ስሕተቱን ማን ያርመዋል? የሕፃን አሻንጉሊትስ አለ?» ብለው ይጠይቁ። የሕፃንና የአዋቂ አሠራር ይለያያል። በአገራችን ቀይ መስቀል የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ይሰጣል።

✅ ክህሎቱ በጥቂት ወራት ውስጥ መዳከም ይጀምራል። አንዴ ከሠለጠኑ በኋላ በየሁለት ሦስት ወሩ ጠንከር ያለ ትራስ ላይ ለሁለት ደቂቃ ይለማመዱ፤ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ነው። ልጆችዎ ወይም ጤነኛ ሰው ላይ ግን በፍጹም አይሞክሩ!

✅ ሳይሠለጥኑ ከፊትዎ አንድ አዋቂ ሰው ራሱን ስቶ በደንብ መተንፈስ ቢያቆም፣ አምቡላንስ እንዲጠራ አድርገው የደረቱን መሐል በሁለት እጅ በኃይልና በፍጥነት ይጫኑ። ምንም ካለማድረግ ይሻላል።

የምስክር ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ይቆያል፤ እጅ ግን ይረሳል። መጨረሻ የተለማመዱት መቼ ነው? ኮሜንት ላይ ይጻፉልኝ፤ ለቤተሰብዎም ያጋሩ። ጤናዎ ይብዛ!