የሊኑክስ ፊደላት ለምን ደበዘዙ? እንዴትስ ጠሩ?

ለብዙ ዓመታት ሊኑክስን የሞከረ ሰው ሁሉ ደጋግሞ የሚያነሳው አንድ ቅሬታ ነበር፤ ፊደሉ አይነበብም። ኮምፒውተሩ ይፈጥናል፣ ቫይረስ አያስቸግረውም፣ ገንዘብ አይጠየቅበትም፤ ነገር ግን አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ አንብቦ ሳይጨርሱ ዓይን ይዝላል። ያው ጽሑፍ በያው ስክሪን ላይ በዊንዶውስ ሲከፈት ጥርት ብሎ ይታያል። ብዙዎች የነፃ ሶፍትዌር ሠሪዎች ለውበት ግድ የላቸውም ብለው ፈረዱ። የታሪኩን ሂደት ለተከታተለ ሰው ግን ይህ ፍርድ ሚዛን አይደፋም። ባለሙያዎቹ መፍትሔውን ያውቁት ነበር፤ እንዳይጠቀሙበት ያገዳቸው ሕግ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ችግሩ የሚጀምረው ከፒክስል ነው። በተለመደው የዴስክቶፕ ስሌት አንድ ኢንች 96 ፒክስል ተደርጎ ይወሰዳል። በዚህ ሒሳብ ባለ 10 ነጥብ ጽሑፍ ሙሉ ቁመቱ 13 ፒክስል ገደማ ብቻ ነው። ሸማኔ ጥለት ሲጥል ከክሩ ውፍረት ያነሰ ቅርጽ ማውጣት እንደማይችል ሁሉ፣ ኮምፒውተርም ከፒክስል ያነሰ መስመር መሣል አይችልም። የአንድ ፊደል እግር ውፍረት በሒሳብ 1.4 ፒክስል ቢሆን ስክሪኑ ላይ ወይ 1 ወይ 2 ይሆናል። አንዱ እግር 1፣ ጎረቤቱ 2 ሲሆን መስመሩ የተንሻፈፈ ይመስላል።

ለዚህ ችግር የተገኙት መፍትሔዎች በመሠረቱ ሁለት ናቸው። አንደኛው ሂንቲንግ ይባላል፤ የፊደሉ ቅርጽ ከመሣሉ በፊት እግሮቹና ራሱ በፒክስሉ ድንበር ላይ እንዲያርፉ ማስተካከል ነው። ሁለተኛው የፊደሉን ጠርዝ በግራጫ ማለስለስ ነው፤ በከፊል የተሸፈነው ፒክስል ጥቁር ወይም ነጭ ከሚሆን በሽፋኑ መጠን ግራጫ ይሆናል። ሂንቲንግ ጥራትን ያተርፋል፣ ቅርጽን ግን ትንሽ ያዛባል። ማለስለሱ ቅርጽን ይጠብቃል፤ በአንጻሩ ጠርዙን ያደበዝዛል። ከዚያ ወዲህ የተደረገው ሁሉ እነዚህን ሁለቱን የማስታረቅ ሙከራ ነው።

በ1984 በአሜሪካው ኤምአይቲ የተጀመረውና የሊኑክስ ዴስክቶፕ ለረጅም ጊዜ የቆመበት ኤክስ ዊንዶው ከሁለቱ አንዱም አላስፈለገውም ነበር። ፎንቶቹ ለእያንዳንዱ መጠን ፒክስል በፒክስል በእጅ የተሣሉ ነበሩ። በተሣሉበት መጠን ግሩም ናቸው፤ አለመጠናቸው ሲለጠጡ ግን ጠርዛቸው እንደ ደረጃ ይሰበራል።

በ1991 አፕል ትሩታይፕን አወጣ፤ በ1992 ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ 3.1 ውስጥ አስገባው። የትሩታይፕ ታላቅ ሐሳብ በፎንቱ ፋይል ውስጥ ትንንሽ ፕሮግራሞችን ማስቀመጡ ነው። እያንዳንዱ ፊደል «በዚህ መጠን ስሣል ይህ እግሬ እዚህ ይረፍ» የሚል የራሱን መመሪያ ይዞ ይመጣል። መመሪያውን መጻፍ እጅግ አድካሚ የእጅ ሥራ ነው። በ1996 የወጡትን የማይክሮሶፍት ፎንቶች ቨርዳናንና ጆርጂያን ማቲው ካርተር ሲነድፋቸው፣ መመሪያቸውን የጻፈው ቶም ሪክነር ነበር። የዊንዶውስ ጽሑፍ በዚያ ዘመን ስክሪን ላይ ጥርት ብሎ የታየው በዋናነት በዚህ ልፋት ነው። የሪክነር ስም ከሙያው ውጭ ብዙም አይታወቅም፤ ሊታወቅ ይገባ ነበር።

በዚያው በ1996 ዴቪድ ተርነር ፍሪታይፕ የተባለውን ነፃ የፊደል መሣያ ጀመረ። ሮበርት ዊልሄልምና ቨርነር ሌምበርግም ተቀላቀሉት። ፍሪታይፕ በፎንቱ ውስጥ ያለውን መመሪያ አንብቦ መፈጸም ይችል ነበር። ሆኖም አፕል በመመሪያው አፈጻጸም ላይ ፓተንት፣ ማለትም ሕጋዊ የፈጠራ ባለቤትነት፣ ነበረው። ስለዚህ በ2000 በወጣው በፍሪታይፕ 2 መመሪያ አንባቢው ክፍል በፕሮግራሙ ውስጥ እያለ ተዘግቶ ቀረ። ፈቃድ ያለው ወይም ክሱን የማይፈራ ይክፈተው ተባለ፤ ሊኑክስን የሚያከፋፍሉ ድርጅቶች አብዛኞቹ አልደፈሩም። የሪክነር ልፋት በእያንዳንዱ የቨርዳና ፋይል ውስጥ ተቀምጦ፣ የሊኑክስ ተጠቃሚ ግን ጥቅሙን ሳያይ አሥር ዓመት አለፈ።

ተርነር እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። የፎንቱን መመሪያ ሳያይ የፊደሉን ቅርጽ ራሱ መርምሮ፣ እግሩ የቱ፣ ራሱ የቱ እንደሆነ ገምቶ የሚያስተካክል ፕሮግራም ጻፈ። ይህ አውቶሂንተር ፓተንቱን አይነካም። የሰው እጅ ያህል ባይሆንም፣ መመሪያ ያልተጻፈላቸውን ፎንቶች ጭምር ማገልገሉ ቆይቶ ትልቅ ጥቅም አስገኘ። ከአፕል ክልከላ የተወለደው ይህ ማለፊያ መንገድ ለእኛ ፊደል የጠቀመውን ያህል የትሩታይፕ መመሪያ አልጠቀመም፤ እመለስበታለሁ።

በሌላው በኩል ኪት ፓካርድ በ2000 በኤክስ ዊንዶው ላይ ሬንደር የተባለውን ማሻሻያ፣ ቀጥሎም ኤክስኤፍቲንና ፎንትኮንፊግን ሠራ። ፊደልን በግራጫ ማለስለስ በሊኑክስ ዴስክቶፕ የተቻለው ከዚህ በኋላ ነው። በመስከረም 2002 ሬድ ሃት የተባለው አከፋፋይ ሬድ ሃት ሊኑክስ 8.0ን ሲያወጣ የለሰለሰ ፊደል የመደበኛው ተጠቃሚ ዕድል ሆነ። ያኔም ክርክሩ አልበረደም፤ ገሚሱ አማረ ሲል ገሚሱ ደበዘዘ አለ። ሁለቱም እውነት ነበራቸው፤ በእጅ የተጻፈው መመሪያ ታግዶ በማለስለስ ብቻ የተሞላ ክፍተት ነበርና።

የፎንት እጥረቱም ሌላ ራስ ምታት ነበር። ማይክሮሶፍት ቨርዳናንና ጓደኞቹን ለድረ ገጽ በነፃ ያቀርብ የነበረውን በ2002 አቆመ። በ2003 የፎንት ድርጅቱ ቢትስትሪም፣ ግኖም የተባለውን የሊኑክስ ዴስክቶፕ ከሚደግፈው ከግኖም ፋውንዴሽን ጋር ተስማምቶ፣ ቬራ የተባለውን ፎንት በነፃ ፈቃድ ለቀቀ፤ ዴጃቩ ከእሱ ላይ ተነስቶ ወደ ብዙ ቋንቋዎች ሰፋ። በ2007 ሬድ ሃት ሊበሬሽን የተባሉትን አወጣ። የእነዚህ ፊደላት ስፋት ከኤሪያልና ከታይምስ ኒው ሮማን ጋር ልክ ለልክ ስለሆነ፣ ከዊንዶውስ የመጣ ደብዳቤ በሊኑክስ ሲከፈት ገጹ አይዛነፍም። ለቢሮ ሠራተኛ ይህ ከውበትም የሚበልጥ እፎይታ ነበር።

በ2010 የአፕል ፓተንቶች ጊዜያቸው አበቃ። በዚያው ዓመት የወጣው ፍሪታይፕ 2.4 መመሪያ አንባቢውን ያለ ምንም ሥጋት ከፈተው። በአንድ ሌሊት የተለወጠው የማንም ችሎታ አልነበረም፤ የቀን መቁጠሪያው ብቻ ነበር።

ሁለተኛ በር ግን አሁንም ዝግ ነበር። በህዳር 1998 ማይክሮሶፍት ክሊርታይፕን አስተዋውቆ ነበር። የጠፍጣፋ ስክሪን እያንዳንዱ ፒክስል ጎን ለጎን ከቆሙ ሦስት ዘንጎች ይሠራል፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ። ሦስቱን ለየብቻ ቢቆጣጠሯቸው አግድም ሲታይ ስክሪኑ ሦስት እጥፍ የጠራ ያህል ይሆናል። ይህም በፓተንት ታጥሮ ስለነበር ፍሪታይፕ ሥራውን ሠርቶ ዘግቶ አስቀመጠው። ተጠቃሚዎች ኢንፊናሊቲ የተባለውን ማሻሻያ ራሳቸው እየጫኑ ለዓመታት ተጠቀሙ። በ2017 የፍሪታይፕ ሠሪዎች ሃርመኒ የተባለ የተለየ መንገድ አመጡ፤ ፊደሉን ለሦስቱ ቀለማት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው የፒክስል ሲሶ ያህል አሸጋሽጎ መሣል። ውጤቱ ተቀራራቢ ነው፣ ፓተንቱን ግን አይነካም። ጥቂት ቆይቶ የማይክሮሶፍት ፓተንቶችም ጊዜያቸው አለፈ።

አሁን ወደ ግእዝ ፊደል እንምጣ።

በላቲን አንድ ፒክስል ሲጠፋ በአብዛኛው የሚበላሸው ውበት ነው። በግእዝ ፊደል ግን ንባቡ ሊበላሽ ይችላል። ሊ እና ሌ የሚለዩት እግር ላይ ባለች ትንሽ ጭረትና ቀለበት ነው፤ ሪ እና ሬም እንዲሁ። በ13 ፒክስል ቁመት ያች ቀለበት ካልተከፈተች አንባቢው ቃሉን የሚለየው ከዐውዱ ብቻ ነው። እንደ ጨ እና ቈ ያሉት ደግሞ በጠባብ ቦታ ብዙ መስመር የተጨናነቀባቸው ናቸው። ስለዚህ የፊደል ጥራት ለአማርኛ አንባቢ ቅንጦት አይደለም።

ሆኖም መጀመሪያ የነበረብን ችግር ከዚህም የከፋ ነበር። የዓለም ቋንቋዎች ፊደላት የጋራ ኮድ ከሆነው ከዩኒኮድ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የራሱን ኮድ ይጠቀም ነበር። አንድ ፎንት በነበረው 256 ቦታ ሁሉንም ፊደል ማስገባት ስለማይቻል አንዳንዱ ፊደሉን ለሁለት ፎንት ይከፍል፣ አንዳንዱ ከቁርጥራጭ ይገጣጥም ነበር። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ደብዳቤው የላቲን ኮተት ይሆናል። በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ለኢትዮጵያ ፊደል 345 ቦታ ሲሰጥ መሠረቱ ተጣለ። ከዚያ በኋላ የጎደለው ፎንት ነበር። በሊኑክስ በኩል የግኑው ፍሪሰሪፍ፣ የኤስአይኤሉ አቢሲኒካ፣ በኋላም የጉግል ኖቶ ሳንስ ኢትዮጲክና ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮጲክ ክፍተቱን ሞሉት።

አውቶሂንተር ወደ ታሪኩ የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። ለግእዝ ፊደል በእጅ የተጻፈ መመሪያ ያላቸው ፎንቶች ጥቂት ናቸው፤ ከ300 በላይ ፊደል ላይ ያንን ሥራ መሥራት አቅምም ገንዘብም ይጠይቃል። ስለዚህ ፊደላችን የሚያርፈው በራሱ በሚገምተው ፕሮግራም ላይ ነው። ፕሮግራሙ በመጀመሪያ የተሠራው ለላቲን ነበር፤ ትልቅና ትንሽ ፊደል፣ የጋራ መስመርና ጣሪያ ይፈልጋል። ከጊዜ በኋላ የፍሪታይፕ ሠሪዎች ለኢትዮጵያ ፊደል የራሱን ልኬት ጨመሩለት። ዛሬ ፍሪታይፕ ጣሪያችንና መሠረታችን የት እንደሆነ የሚያውቀው እንደ ሀ፣ ዘ፣ በ እና ዐ ያሉ ፊደላትን ለክቶ ነው። ይህንን ያየ ሰው የነፃ ሶፍትዌር ሠሪዎች ግድ የላቸውም ብሎ ሊናገር አይችልም።

የቀሩ ጉድለቶች አሉ። አቢሲኒካ የብዕር ቅርጻችንን ያከበረ፣ ለረጅም ንባብ የምመርጠው ፎንት ነው፤ ነገር ግን ደማቅ ቅርጽ የለውም። ርዕስ ሲደምቅ ኮምፒውተሩ መስመሩን በራሱ ያወፍረዋል፤ የጨ እና የቈ ክፍተት ይደፈናል። ኖቶ ሳንስ ከቀጭን እስከ ወፍራም ዘጠኝ ውፍረት ስላለው ለርዕስና ለስክሪን ምናሌ እሱ ይሻላል። ሌላው ፎንትኮንፊግ ነው፤ የተመረጠው የላቲን ፎንት ግእዝ ከሌለው ምትክ ፈልጎ ያመጣል። የሚያመጣው ሁልጊዜ የሚስማማውን አይደለም፤ በአንድ መስመር ላይ አማርኛው ገዝፎ ላቲኑ አንሶ የሚታየው፣ የመስመር ርቀቱም የሚዘበራረቀው በዚህ ነው።

ስክሪኖች እየጠሩ ስለመጡ ይህ ሁሉ ያረጀ ጣጣ ነው የሚሉ አሉ። አፕል በ2018 በሦስት ቀለም መሣሉን ትቶታል፤ በ2020 የወጣው የግኖም ፕሮግራሞች መሥሪያ ጂቲኬ 4ም እንዲሁ፤ በጠራ ስክሪን ላይ ግራጫ ማለስለስ ይበቃል ይባላል። ባለ 4ኬ ስክሪን ላለው እውነት ነው። በአገራችን ግን ብዙ ተማሪና ሠራተኛ የሚያነበው 1366 በ768 በሆነ ያገለገለ ላፕቶፕ ላይ ነው፤ ለእሱ ጣጣው ገና ትኩስ ነው። ቴክኖሎጂው ወደ ውድ ስክሪን ሲሄድ ርካሹን ስክሪን መርሳቱ አግባብ አይመስለኝም።

እንዲህ ባለው ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ ለሚጠቀም አንባቢ የምመክረው ይህን ነው። የኖቶ ኢትዮጲክንና የአቢሲኒካን ፎንቶች ከሥርጭቱ ማከማቻ ጫኑ። በግኖም ትዊክስ ወይም በኬዲኢ ዴስክቶፕ ማስተካከያ ውስጥ ሂንቲንግን ቀላል የሚለው ላይ አድርጉ፤ ይህ ፊደሉን ቁልቁል ብቻ ስለሚያስተካክል ስፋቱን አያዛባም። ለጠፍጣፋ ስክሪን፣ በሚደግፉት ፕሮግራሞች ላይ፣ በሦስት ቀለም መሣልን ክፈቱ፤ የፊደሉ ጠርዝ ቀለም ካወጣ የቀለሙን ቅደም ተከተል ለውጡ ወይም ወደ ግራጫ ተመለሱ። የፊደሉን መጠን በ1 ወይም በ2 ነጥብ ከፍ ማድረግ ለግእዝ ከማንኛውም ማስተካከያ በላይ ይጠቅማል። በፎንትኮንፊግ ፋይል ውስጥም ለአማርኛ የትኛው ፎንት እንዲቀድም በግልጽ ጻፉ።

የፊደል ነዳፊ የሆናችሁ ወገኖች ደግሞ ሥራችሁን በክፍት ፈቃድ ልቀቁ፤ ደማቁንና ሰያፉን ጨምራችሁ፣ በትንሽ መጠንና በርካሽ ስክሪን ላይ ፈትናችሁ። ስሕተት ስታዩ ለፍሪታይፕና ለኖቶ ሠሪዎች በምስል አስደግፋችሁ አሳውቋቸው። ፊደሉን እነሱ አያነቡትም፤ ሌ የቱ ጋ ሊ እንደምትመስል ልንነግራቸው የምንችለው እኛ ነን።