ጊቤን የመሻገር ታሪክ፦ የጅማ ቡና ከበቅሎ ጀርባ እስከ ድልድይ

የጅማ ቡና የሚወጣበትን መንገድ ታሪክ ለሚመረምር ሰው በቅድሚያ የሚያጋጥመው አንድ ያልተፈጸመ ውል ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ ተወላጅ ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት የባቡር ሐዲድ ፈቃድ ላይ መስመሩ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦም በከፋ በኩል እስከ ነጭ አባይ እንዲዘልቅ ሰፍሮ ነበር። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰና በዚያው ቆመ። ወደ ቡናው ምድር የሚወስደው ሦስተኛው ክፍል ከወረቀት አልወጣም።

በዚያ ሁሉ ዘመን የጅማ ቡና የሚጓዘው በበቅሎ ጀርባ ነበር። ከዳግማዊ አባ ጅፋር መናገሻ ከጅሬን ሥር በሚገኘው የሂርማታ ገበያ፣ ሐሙስ ሐሙስ የሲራራ ነጋዴ ከየአቅጣጫው ይጎርፋል። ንጉሡ ነጋዴውን ያስጠብቁ፣ መንገዱንም በሕዝቡ ጉልበት ያስጠርጉ ነበር። ጊቤ ግን ለንጉሥም አይታዘዝም። በክረምት ሲሞላ ነጋዴው ከነጭነቱ ውሃው እስኪጎድል መጠበቅ ግድ ይሆንበታል፤ ሸለቆውም ለሰው ወባ፣ ለከብት ገንዲ ያለበት ቆላ ነው። የሚገርመው፣ ከጎሬ በኩል የሚወጣው ቡና ከጋምቤላ በባሮ ወንዝ ላይ በመርከብ ወደ ሱዳን የሚጫነው ውሃው በሚሞላበት በዚያው በክረምት ነበር። ጅማን የሚያስረው ዝናብ ለጎሬ መንገድ ይከፍት ነበር ማለት ነው። ያም ሆኖ የዚያን ጊዜው ቡና ጀንፈል ስለነበረ መዘግየትን ይችላል። ይህችን ነጥብ አንባቢ በልቡ ይያዛት።

ጣሊያን በወረራው ዘመን ጅማን የደቡብ ምዕራብ ግዛቱ ማዕከል አድርጎ ከአዲስ አበባ የሚያገናኘውን የመኪና መንገድና ድልድዮች ሠራ። ይህ ለወታደሩና ለጭነቱ እንጂ ለቡና ገበሬው ታስቦ የተደረገ አልነበረም። በ1933 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ሲባረር ደግሞ ድልድዮቹን ራሱ አፍርሶ ከጊቤ ማዶ መሸገ። እንግሊዞች በጦር ታሪካቸው የኦሞ ውጊያ የሚሉት በዚሁ ወንዝ ላይ የተደረገውን ነው። ከናይጄሪያና ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ ወታደሮች በግንቦት ማለቂያ የሞላውን ወንዝ በጀልባ ተሻግረው አበልቲን ያዙ። በኋላ ደጃዝማች የተባሉት ገረሱ ዱኪ የሚመሯቸው አርበኞችም በጅማ ዙሪያ ጠላትን እረፍት ነስተውት ነበር። ጅማ ሰኔ 14 ቀን 1933 ዓ.ም. ነፃ ወጣች።

ከነፃነት በኋላ፣ በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቁሞ በዓለም ባንክ ብድር የተጎዱትን ዋና ዋና መንገዶች ማደስ ጀመረ። 350 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነውን የጅማ መንገድ መኪና በአንድ ቀን መጨረስ ሲችል የበቅሎ ነጋዴው ዘመን አበቃ።

ይሁን እንጂ የጊቤ ድልድይ የፈታው የጀንፈሉን ችግር ነው። እሸት ቡና ሌላ ጉዳይ ነው። ቀይ ቡና በተለቀመበት ዕለት ካልተፈለፈለ በጆንያው ውስጥ መፍላት ይጀምራል፤ ጣዕሙ ይበላሻል፤ ቀማሹም ወዲያው ያውቀዋል። ለቀማው በብዙ ቦታ የሚጀምረው ደግሞ ክረምቱ ወጥቶ ጅረቱ ገና ሳይጎድል ነው። መሻገሪያ በሌለው ቀበሌ የሚኖር ገበሬ ቀይ ቡናውን በአህያ ጭኖ ወንዝ ዳር ከሚመሽበት ይልቅ ቤቱ አድርቆ ጀንፈል መሸጥን ቢመርጥ አይፈረድበትም። ከሊሙ በቀር የጅማ አካባቢ በዓለም ገበያ ለረጅም ጊዜ “ጅማ 5” በሚባለው ያልታጠበ ቡና ብቻ የታወቀበት አንዱ ምክንያት ይኸው የትናንሽ ወንዞች ጉዳይ ሳይሆን አይቀርም። ቡናው በሰዓቱ መፈልፈያ ሲደርስ ውጤቱ ምን እንደሚሆን በጎማ ወረዳ ታይቷል። የዱሮሚና ኅብረት ሥራ ማኅበር የታጠበ ቡና በ2004 ዓ.ም. በአፍሪካ የቡና ውድድር አንደኛ ሲወጣ ማኅበሩ ከተመሠረተ ገና ሁለት ዓመት ያህሉ ነበር።

የባቡሩ ነገር እንደገና የተነሳው የምድር ባቡር ኮርፖሬሽን በ2000 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ ነው፤ ካቀዳቸው መስመሮች አንዱ በጅማ የሚያልፍ ነበር። ወደ ጅቡቲ የሚሄደው አዲሱ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ። የጅማ ቡና ግን ዛሬም ጊቤን የሚሻገረው በጭነት መኪና ነው፤ እዚያ እስኪደርስም በየቀበሌው ያሉትን ስም የለሽ ጅረቶች በአህያና በሰው ትከሻ ያልፋል።