ከእግዜር እንግዳ እስከ ቱሪስት ሆቴል

በቀድሞው ዘመን መንገደኛ ሲመሽበት «የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ብሎ ከደጅ ይቆም ነበር፤ ባለቤቱም እግሩን አጥቦና አብልቶ ያለ ክፍያ ያሳድረዋል። ለማደሪያ መክፈል የተለመደው ከከተሞች ማደግ ጋር ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ እቴጌ ጣይቱ አዲስ አበባ ፒያሳ ላይ ያሠሩት ሆቴል የአገሪቱ የመጀመሪያ ዘመናዊ ሆቴል ተብሎ ይታወቃል።

ለጉብኝት የሚመጣው እንግዳ የበረከተው እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ወዲህ ነው። ሀብተሥላሴ ታፈሰ የመሩት የቱሪዝም መሥሪያ ቤት አገሪቱን «የ13 ወር ፀጋ» በሚል መጠሪያ አስተዋወቀ፤ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላና አክሱምም በአንድ የጉብኝት መስመር ተያያዙ። እ.ኤ.አ. በ1969 የተከፈተው የአዲስ አበባ ሂልተን የፍል ውኃ መዋኛውን በመስቀል ቅርጽ አሠራ። እ.ኤ.አ. በ1978 ላሊበላና የሰሜን ተራሮች በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከሰፈሩት የመጀመሪያዎቹ 12 ሥፍራዎች መካከል ሆኑ።