የበሽታ ወሬ በባሌ

የወይብ ወንዝ ከባሌ ደጋ ወርዶ፥ በሶፍ ዑመር ዋሻ ሾልኮ ወደ ቆላው ይፈስሳል። ለዚያራ የሚመጣውም ሰው እንዲሁ ከደጋና ከቆላ መጥቶ በዋሻው ይገናኛል፤ ሲመለስ በሽታም ወሬም ይዞ መሄዱ አይቀርም። ይህን ወሬ ለማሰባሰብ ከተደረጉት ሙከራዎች የፈንጣጣውን ዘመቻ እናነሣለን።

ዘመቻው በኢትዮጵያ በ1963 ዓ.ም. ሲጀመር ብዙው ባላገር ከሐኪም ርቆ ይኖር ስለ ነበር፥ በሽተኛው የት እንዳለ ማወቅ ራሱ ትልቅ ሥራ ነበር። ስለዚህ ሠራተኞቹ ፈንጣጣ የያዘው ሕፃን ፎቶግራፍ ያለበትን ካርድ በገበያና በትምህርት ቤት እያሳዩ፥ «እንዲህ ያለ አይታችኋል?» ይሉ ነበር። ይኸው ዓይነት ካርድ በሌሎች አገሮችም አገልግሏል። ፊደል ያልቆጠረ እረኛ ለሐኪም ወሬ አቀባይ ሆነ ማለት ነው፤ ይህም በእኛ አስተያየት ከመኪናውና ከሄሊኮፕተሩ የሚያንስ አይደለም። በአገራችን የታወቀው የመጨረሻ ሕመምተኛ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በባሌ ቆላ በዲሞ መንደር ተገኘ።

ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 የተባለ የጋራ የኮምፒዩተር መዝገብ በአገሪቱ ተዘርግቶ፥ የጤና ጣቢያው ቁጥር ለወረዳ፥ ለዞንና ለክልል ይደርሳል። ፍጥነቱ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ሕመሙን ለማንም ሳይናገር ከዋሻው ወደ ቆላ የሚመለሰውን መንገደኛ ማን ጠይቆ ይመዘግበው?