ትንሿ ሃይቲ ስለ ኢትዮጵያ የተናገረችው

የዛሬው ትምህርታችን የታሪክ ነው። ደብተርና እርሳሳችሁን አቅርቡ።

እስቲ በመጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የምታውቋቸውን የውጭ አገሮች በጣታችሁ ቁጠሩ። አብዛኛው ሰው አሜሪካ፣ እንግሊዝ፣ ጣሊያን፣ ቻይና፣ ሳውዲ ዓረቢያ ይላል። ሱዳንና ጅቡቲን የሚጨምርም አይጠፋም። ሃይቲ ብሎ የሚቆጥር ግን ጥቂት ነው። ሃይቲ የአገር ስም ነው። ፊደሎቹ ሦስት ናቸው፤ ሃ፣ ይ፣ ቲ። ደብተራችሁ ላይ ጻፉት።

ሃይቲን አለማወቃችን አያስደንቅም። የዓለም ካርታ ስታዩ የትልልቆቹ አገሮች ስም በገዛ መሬታቸው ላይ በሰፊው ተጽፎ ታገኛላችሁ። የትንንሾቹ ስም ግን መሬታቸው አልበቃ ይልና ባሕሩ ላይ ይጻፋል። ዓይን ቶሎ አያገኘውም፤ ልጁም አዋቂውም ዘሎት ያልፋል።

ሃይቲ ከእኛ በጣም ሩቅ ናት። ከአፍሪካ በስተምዕራብ ያለውን አትላንቲክ የሚባለውን ውቅያኖስ ተሻግሮ፣ በአሜሪካ አጠገብ ባለች ደሴት ላይ ትገኛለች። ደሴት ማለት ዙሪያዋን በውሃ የተከበበች መሬት ናት፤ የጣናን ደሴቶች ማሰብ ነው። ይህችንም ደሴት ሃይቲ ብቻዋን አልያዘቻትም። ምሥራቁ ዶሚኒካን ሪፑብሊክ የሚባል ሌላ አገር ነው። የሃይቲ ስፋት ወደ 27,750 ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሳል። የኢትዮጵያ መሬት አርባ ሃይቲ ይወጣዋል ማለት ነው።

ታዲያ ይህችን ትንሽ አገር ከእኛ ጋር ምን አገናኛት?

የሃይቲ ሕዝብ አያቶች አፍሪካውያን ነበሩ። ፈረንሳዮች በመርከብ እየጫኑ ወስደው ባሪያ አደረጓቸው። ሸንኮራ አገዳና ቡና ያለ ደመወዝ፣ በጅራፍ እየተገረፉ ያለሙ ነበር። በነሐሴ 1783 ዓ.ም. እነዚያ ባሪያዎች ተነሡ። ቱሳን ሉቨርቱር የሚባል፣ ራሱም በባርነት የተወለደ ሰው መራቸው። እርሱን ፈረንሳዮች በተንኮል ይዘው በእስር ቤት እንዲሞት አደረጉ። ትግሉ ግን አልቆመም። ዴሳሊን የሚባለው የጦር አለቃ በታኅሣሥ 1796 ዓ.ም. የሃይቲን ነፃነት አወጀ። ባሪያዎች ጌቶቻቸውን አሸንፈው ያቆሙት መንግሥት ይህ ነው።

ለዚህ ግን ብዙ ከፈሉ። በ1817 ዓ.ም. ፈረንሳይ የጦር መርከቦች ልካ 150 ሚሊዮን ፍራንክ ካሳ ክፈሉኝ አለች። ካሳው ለምን ይመስላችኋል? ፈረንሳዮቹ ላጡት ንብረት ነው። ከንብረቱም መካከል የተቆጠሩት ነፃ የወጡት ሰዎች ራሳቸው ነበሩ! ኋላ ገንዘቡ ወደ 90 ሚሊዮን ዝቅ ቢልም፣ ለዚህ ሲባል የገቡበት ብድር ተከፍሎ ያለቀው በ1930ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ለትምህርት ቤትና ለመንገድ ሊውል ይችል የነበረ ገንዘብ እንዲሁ ወጣ። ከ1907 እስከ 1926 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ ጦር ሃይቲን ይዞ ቆየ።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጣሊያን ጦር ኢትዮጵያን ወረረ። ኅዳር 26 ቀንም አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ደበደቡ፤ የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት ሆስፒታል እንኳ አልተረፈም። ይህን የወሎ ሽማግሌዎች ለልጆቻቸው ሲነግሩ ኖረዋል።

አባቶቻችን «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ይላሉ። ተረቱ እውነት ነው። ያን ጊዜ ግን ጎረቤቶቻችን አፍ አልነበራቸውም። ኤርትራና ደቡብ ሶማሊያ በጣሊያን እጅ፣ ሱዳንና ኬንያ በእንግሊዝ እጅ፣ ጅቡቲም በፈረንሳይ እጅ ነበሩ። ኢትዮጵያ አቤቱታዋን ይዛ የሄደችው ከ1916 ዓ.ም. ጀምሮ አባል ወደሆነችበት ወደ መንግሥታት ማኅበር ነው። የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ስዊዘርላንድ ውስጥ በጄኔቭ ከተማ ነበር።

ኃያላኑ እንግሊዝና ፈረንሳይ በጉባኤው ፊት ጣሊያንን ያወግዙ ነበር። በስተጀርባ ግን ሚኒስትሮቻቸው ከኢትዮጵያ ብዙ መሬት ቆርሰው ለጣሊያን ለመስጠት ተስማሙ። ምስጢሩ ሲወጣ የገዛ ሕዝባቸው ስለተቆጣ ዕቅዱ ፈረሰ።

በዚያ ጉባኤ የሃይቲ መልእክተኛ አልፍሬድ ኔሙር የሚባል ጄኔራል ነበር። ተነሥቶ ሲናገር ሐሳቡ ይህ ነበር፦ ትልቅም ሆንን ትንሽ፣ ብርቱም ሆንን ደካማ፣ አንድ ቀን እኛም ለሌላው ኢትዮጵያ ልንሆን እንደምንችል አንርሳ። ዛሬ በኢትዮጵያ ላይ ዝም ያለ፣ ነገ በእርሱ ላይ ዝም ይባላል ማለቱ ነው። ይህን ያለው ጦር መርከብ የነበረው አይደለም፤ ባርነትንና ወረራን ያየ አገር ሰው ነው።

እርግጥ ንግግሩ ቦምቡን አላስቆመም። ጣሊያን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ብዙ መንግሥታትም ወረራውን ተቀበሉ። እምቢ ካሉት ጥቂቶች አንዷ ሜክሲኮ ናት። አዲስ አበባ ሄዳችሁ «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ» እያለ ረዳቱ ሲጣራ ሰምታችሁ ይሆናል። አደባባዩ የተሰየመው ለዚህች አገር ውለታ ነው። ሁለት ሚሊዮን ሕዝብ እንኳ ያልነበራት ኒውዚላንድም ወረራውን አልተቀበለችም።

የሃይቲው ሰው ማስጠንቀቂያ ግን ብዙም ሳይቆይ ደረሰ። በ1931 ዓ.ም. ያቺው ጣሊያን አልባኒያ የምትባለውን ትንሽ አገር ወረረች። ጀርመንም በዚያው ዓመት ቼኮችን፣ በ1932 ዓ.ም. ደግሞ ኖርዌይንና ቤልጂግን ያዘች። በመጨረሻም ፈረንሳይ ራሷ ወደቀች። ለትንሹ ያልተዘጋ በር ለትልቁም አልተዘጋም።

ወገኖቼ፣ አገርን በመከራው ብቻ ማወቅ ዕውቀት አይባልም። ይህን ከወሎ ሰው የበለጠ የሚያውቅ የለም። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ዓለም የወሎን ስም ሰማ። የሰማው ግን ረሃቡን ብቻ ነው። ጤፉን፣ በጉን፣ የእስላሙንና የክርስቲያኑን ተዋዶ መኖር፣ የሽማግሌውን ዕርቅ አልሰማም። በጥር 2002 ዓ.ም. ሃይቲ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትፈርስም እንዲሁ ሆነ። ብዙ ሰው ስሟን ያን ቀን ሰማ፤ ደሃ አገር ናት ብሎም ዝም አለ። ደሃ ያደረጋት ምን እንደሆነ፣ ለእኛም ምን እንዳለችልን የጠየቀ ጥቂት ነው።

ስለዚህ ከእንግዲህ በሬዲዮ የማታውቁትን አገር ስም ስትሰሙ፣ «የት የማናውቀው ነው» ብላችሁ አትለፉት። ሦስት ነገር ጠይቁ። የት ነው? ሕዝቡ በምን ይኖራል? ምን አልፎበታል? መልሱን የሚነግራችሁ ባይኖር እንኳ ስሙን ጻፉት፤ አሁን ማንበብ ችላችኋልና አንድ ቀን ታገኙታላችሁ።

በቡድናችሁ የምትወያዩባቸው ጥያቄዎች የሚከተሉት ናቸው።

1. የሃይቲ ሕዝብ ነፃ የወጣው በስንት ዓመተ ምሕረት ነው?
2. የሃይቲው መልእክተኛ በጄኔቭ የተናገረው ቃል ምን ማለት ነው?
3. በአካባቢያችሁ ስለ ጣሊያን ወረራ የሚያውቁ ሽማግሌዎች ምን ይናገራሉ? ጠይቁና ሦስት መስመር ጻፉ።

ለዛሬው ይብቃን። ደህና ሰንብቱ።